ሬቲኖልን ለብጉር የመጠቀም አሠራር፦ ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ሦስተኛው ወር

«ሬቲኖል ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ፊቴ ይላጣል፣ ብጉሩም ጭራሽ በዝቷል። ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ይህ ጥያቄ አነጋገሩ እየተለዋወጠ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂው ምን ያህል እንደሚቀባ፣ በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚቀባ፣ አብሮት ሌላ ምን እንደሚጠቀምና አዲሱ ብጉር የፊቱን የትኛውን ክፍል እንደያዘ ካልታወቀ «ቀጥሉ» ማለትም «ተዉት» ማለትም ግምት ብቻ ይሆናል። ስለሆነም አጀማመሩን፣ አቀባቡን፣ የሚጠበቀውንና የሚያሠጋውን ለይቼ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። አስቀድመው የጀመሩ ከሆነም ከተራ ቁጥር 1 ተነስተው ያንብቡት፤ አብዛኛው ችግር የሚገኘው ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች በአንዱ ውስጥ ነው።

ሬቲኖል በየትኛው ብጉር ላይ ይሠራል?

ብጉር ፊት ላይ ከመታየቱ ከሳምንታት በፊት ከቆዳ ሥር ይጀምራል። የጸጉር ቀዳዳን ውስጡን የሚሸፍኑት ሴሎች ዕድሜያቸውን ሲጨርሱ ተራግፈው ከወዝ ጋር መውጣት ሲገባቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ከወዙ ጋር ተለውሰውም ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ይህ ድፍን በመጀመሪያ በዓይን አይታይም። ውሎ አድሮ አፉ ክፍት ከሆነ ጥቁር ነጥብ፣ አፉ ከተዘጋ ደግሞ የቆዳውን ቀለም የያዘ ትንሽ ጉብታ ይሆናል፤ ባክቴሪያ ሲራባበትና ሰውነት ሲቆጣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግልም ይቋጥራል።

ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ ወገን ነው። ቆዳ ውስጥ ገብቶ በሁለት ደረጃ ሬቲኖይክ አሲድ ወደሚባለው ንጥረ ነገር ከተለወጠ በኋላ የቀዳዳው ሴሎች ሳይጣበቁ በሥርዓት እንዲራገፉ ያደርጋል። ስለዚህ ዋናው ሥራው ገና ባልወጣው ብጉር ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደንቦች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው፦ ብጉር የሚወጣበት ሥፍራ በሙሉ ይቀባል፤ ውጤቱም በሳምንታት ይለካል፤ ፊት ጠራ ተብሎም በአንድ ጊዜ አይቋረጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሬቲኖል መጀመር የሌለባቸው

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ እርግዝና ያሰበች ወይም ልትፀንስ የምትችልበት ዕድል ያላት ሴት ሬቲኖልንም ሆነ ማንኛውንም የሬቲኖይድ (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ) ቅባት መጀመር የለባትም። በአፍ የሚወሰደው የዚሁ ወገን መድኃኒት አይዞትሬቲኖይን በፅንስ ላይ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት እንደሚያስከትል የታወቀ ነው፤ ከቆዳ ወደ ደም የሚገባው መጠን እጅግ አነስተኛ ቢሆንም፣ ብጉር ሊጠብቅ የሚችል ነገር በመሆኑ ጥንቃቄውን መምረጥ ተገቢ ነው። እየተጠቀሙ ሳለ ማርገዝዎን ካወቁ ወዲያውኑ ያቁሙና ለሐኪምዎ ይንገሩ። የምታጠባ እናትም ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር።

ፊቱ ላይ ችፌ፣ ቁስል ወይም በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳ ያለበት ሰው ያ እስኪድን ይጠብቅ፤ የተጎዳ ቆዳ ሬቲኖልን ከሚገባው በላይ ያስገባልና። አይዞትሬቲኖይን በአፍ እየወሰደ ያለ ሰው ሬቲኖልን አይጨምርበት። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባም።

አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ይዘቱ ያልተጻፈበት የፊት ማቅያ ወይም የተደባለቀ ክሬም ለወራት ሲጠቀሙ ከቆዩ ውስጡ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ ብርቱ መድኃኒት) ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያመጣል፣ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ፊት ይቆጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሬቲኖል መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል፤ መጀመሪያ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሬቲኖል። ለጀማሪ ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ያለው ይበቃል፤ 0.5 እና 1 በመቶ ቆዳው ለለመደ ሰው ናቸው። በይዘት ዝርዝሩ ላይ «ሬቲኖል» የሚለውን ስም ይፈልጉ። «ሬቲኒል ፓልሚቴት» የሚለው በጣም ደካማ ነው፤ «ሬቲናል» ወይም «ሬቲናልዲሃይድ» የሚለው ከሬቲኖል አንድ ደረጃ ወደ ሬቲኖይክ አሲድ የቀረበ ስለሆነ ጠንከር ይላል፤ «ባኩቺዮል» ደግሞ ከዕፅዋት የሚገኝ ሌላ ነገር እንጂ ከቫይታሚን ኤ ወገን አይደለም። ማሸጊያውንም ይመልከቱ። ሬቲኖል ብርሃንና አየር ሲያገኘው ስለሚበላሽ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ቱቦ ወይም ተጭነው የሚያወጡት ዕቃ ተመራጭ ነው፤ ሰፊ አፍ ባለው ብልቃጥ የሚመጣው በተከፈተ ቁጥር አየር ያገኘዋል፣ ጣትም ይገባበታል። ክፍት ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ በተሳለበት ምልክት ውስጥ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ለስንት ወር እንደሚያገለግል የሚናገር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ለብጉር ሕክምና ጠንካራ ማስረጃ ያላቸው ሬቲኖይዶች አዳፓሊንና ትሬቲኖይንን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ናቸው፤ ሬቲኖል ከእነርሱ ለዘብ ያለ የመዋቢያ ዕቃ ነው። ቀላል ብጉር፣ ጥቁር ነጥብና ደቃቅ ጉብታ ላለበት ወይም ቆዳው ቶሎ ለሚቆጣ ሰው ሬቲኖል ጥሩ መነሻ ነው። ብጉርዎ መካከለኛ ከሆነና ብዙ ቀይ እባጭ ካለበት ግን በአንዳንድ አገሮች ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጠው 0.1 በመቶ አዳፓሊን ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ይጠይቁ። የአቀባቡ ሥርዓት ከዚህ በታች ካለው ብዙም አይለይም።

ለስላሳ የፊት መታጠቢያ። ሽታ የሌለው፣ የሚያሻሽ ፍሬ የሌለበትና ከታጠቡ በኋላ ፊትን የማይወጥር መሆን አለበት። የገላና የልብስ ሳሙና ለዚህ አይሆንም።

ማለስለሻ ክሬም። ሴራማይድ ወይም ግሊሰሪን ያለበት፣ «ቀዳዳ አይደፍንም» የሚል ምልክት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ፊቱ ወዛም የሆነ ሰው ይህን መዝለል ይቃጣዋል፤ ነገር ግን ወዝ ቅባት ነው፣ ሬቲኖል ደግሞ የሚያሳጣው እርጥበትን ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የፀሐይ መከላከያ። ኤስ ፒ ኤፍ (በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነና ሁለቱንም የአልትራቫዮሌት ጨረር ዓይነቶች (ዩ ቪ ኤ እና ዩ ቪ ቢ) የሚከላከል ይሁን። ብጉር ሲለቅ ጥቁር ምልክት የሚተውብዎ ከሆነ ቀለም የተጨመረበት፣ የብረት ኦክሳይድ ያለበት መከላከያ ይበልጣል፤ ምልክቱን የሚያጠቁረውን የሚታይ ብርሃንም ይቀንሳልና። ይህን ለመግዛት ወይም በየቀኑ ለመቀባት የማይችሉ ከሆነ ሬቲኖሉንም ባይጀምሩ ይሻላል።

ቫዝሊን፣ ለዓይን ዙሪያ፣ ለአፍንጫና ለከንፈር ጥግ። ከዚህ ሌላ ቀን የሚመዘገብበት ወረቀትና የስልክ ካሜራ ያዘጋጁ፤ ጥቅማቸው በተራ ቁጥር 9 ይገለጣል።

አሠራር

1. ቆዳውን ለሁለት ሳምንት ያሳርፉ። በዚህ ጊዜ ፊትዎ ላይ የሚውለው መታጠቢያ፣ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ብቻ ይሁን። የሚያሻሽ ስክራብ፣ ግላይኮሊክና ሳሊሲሊክ አሲድ፣ አልኮል ያለበት የፊት ውኃ፣ ሎሚና የጥርስ ሳሙና ሁሉ ይቁሙ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የቆዳው የላይኛ መከላከያ ሽፋን አስቀድሞ የተጎዳ ከሆነ፣ ለዘብ ያለው ሬቲኖል እንኳ እንደ በርበሬ ያቃጥላል። በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ማለስለሻው ወይም የፀሐይ መከላከያው ራሱ ብጉር ካመጣብዎም ይታወቃል፤ አለበለዚያ በኋላ ጥፋቱ በሬቲኖሉ ላይ ይላከካል።

2. በትንሽ ሥፍራ ይሞክሩት። ከጆሮ በታች፣ መንጋጋው ዳር፣ የጥፍር ስፋት ያህል ቦታ ላይ ማታ ማታ ለሦስት ሌሊት ይቀቡ። ትንሽ መድረቅ የሚጠበቅ ነው። እብጠት፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወይም ብርቱ ማሳከክ ከታየ ግን ያ የአለርጂ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ያ ምርት ለእርስዎ አይሆንም። በሙሉ ፊት ላይ ከማወቅ በጥፍር ስፋት ላይ ማወቅ ይሻላል።

3. ማታ ፊትዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ለብ ባለ ውኃ፣ በጣት ጫፍ፣ ሳያሹ ይታጠቡ፤ በፎጣም ሳይፈትጉ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁ፤ ከዚያ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆዩ። ማታ የተመረጠው ሬቲኖል ብርሃን ሲያገኘው ስለሚበላሽ ነው። መድረቁ የሚያስፈልገው ደግሞ እርጥብ ቆዳ የተቀባውን በቶሎና በብዛት ስለሚያስገባና መቆጣትን ስለሚጨምር ነው። እኔ ራሴ በጀመርኩበት ወቅት ከገላ መታጠቢያ ወጥቼ ወዲያው እየቀባሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ አፌ ዙሪያ ተላጥቶ ነበር፤ ያው ምርት በደረቅ ፊት ላይ ሲቀባ ምንም አላደረገኝም።

4. ስስ ቦታዎችን ይሸፍኑ። በዓይን ዙሪያ፣ በአፍንጫ ክንፍ እጥፋትና በከንፈር ጥግ ላይ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ። እነዚህ ሥፍራዎች ቆዳቸው ስስ ነው፤ በእጥፋቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ሬቲኖልም ከሌላው ቦታ ይበዛል። መጀመሪያ የሚሰነጠቁትና የሚያቃጥሉት እነርሱ ናቸው።

5. የአንድ አተር ፍሬ ያህል ለሙሉ ፊት ይቀቡ። ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱበት እርምጃ ይህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። በጣት ጫፍ ላይ አንድ የአተር ፍሬ የሚያህል ክሬም ያውጡ፤ ጠብታ ከሆነም ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ይበቃል። አንዱን ነጥብ ግንባር ላይ፣ አንድ አንድ በሁለቱ ጉንጮች ላይ፣ አንዱን አገጭ ላይ፣ የቀረችውን ቅንጣት አፍንጫ ላይ ያኑሩ፤ ከዚያም ከመሃል ወደ ዳር በስሱ ያዳርሱት። በዓይን ዙሪያ ካለው አጥንት ወደ ውስጥ አይግቡ። በመጀመሪያው ወር አንገትንም ይተዉት፤ ከፊት ይልቅ ቶሎ ይቆጣል።

ተቀብቶ ሲያበቃ ፊት ላይ ምንም የተቀባ አይመስልም፤ ልክ የሆነው መጠንም ይህ ነው። ነጭ ሆኖ የሚታይ ወይም የሚያንሸራትት ከሆነ በዝቷል። መጠኑን መጨመር ውጤቱን አያፋጥንም፤ የሚጨምረው መላጡንና ማቃጠሉን ነው። እንደዚሁም በወጣው ብጉር ራስ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አድርጎ መቀባት ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ ያ ብጉር መንገዱን ጨርሷል፣ በአጠገቡ በዓይን የማይታዩት ድፍኖች ግን ሳይነኩ ይቀራሉ፤ ከሳምንታት በኋላ የሚወጡትም እነርሱ ናቸው።

6. ከደቂቃዎች በኋላ ማለስለሻውን ይደርቡ። ቆዳዎ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይቀይሩ፦ መጀመሪያ ስስ ማለስለሻ፣ ቀጥሎ ሬቲኖል፣ በላዩ እንደገና ማለስለሻ። ሬቲኖሉ በሁለት ንብርብር መካከል ሲሆን ወደ ቆዳው የሚገባው በዝግታ ነው፤ ኃይሉ ትንሽ ሊለዝብ ይችላል፣ ነገር ግን ሦስት ወር የሚዘለቅበት ለዘብተኛ አቀባብ በሁለት ሳምንት ከሚቋረጠው ብርቱ አቀባብ ይበልጣል። ይህም ካቃጠለዎ ሬቲኖሉን ለ30 ደቂቃ ብቻ አቆይተው ይታጠቡትና ማለስለሻ ይቀቡ፤ ቆዳው እየለመደ ሲሄድ የቆይታውን ጊዜ ያራዝሙ። እጅዎን ታጥበው ይተኙ።

7. ጠዋት ታጥበው የፀሐይ መከላከያ ይቀቡ። ፊት ደረቅ ለሆነ ሰው ጠዋት ንጹሕ ውኃ ብቻ ይበቃል። ለፊትና ለአንገት የሚሆነው መጠን በአመልካች ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ልክ የተሰመረ ሁለት መስመር ያህል ነው፤ ከዚያ ያነሰ ከተቀባ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር አይገኝም። ውጭ የሚውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙ፣ ባርኔጣም ያድርጉ። ሬቲኖል ማታ ቢቀባም ቆዳው ቀን ላይ ለፀሐይ ይበልጥ ይጋለጣል፤ ፀሐይ ደግሞ ብጉር የተወውን ምልክት ታጠቁራለች። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሰዎች «ፀሐይ አያቃጥለኝም» ብለው ይህን እርምጃ ይዘሉታል። ቃጠሎው ባይታይም የጥቁር ምልክቱ ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳስበው እነርሱን ነው፤ ከብጉር ብቻ ሳይሆን በሬቲኖል ከተቆጣ ቆዳም ጥቁር ምልክት ሊቀርባቸው ይችላልና።

8. ድግግሞሹን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሦስት ሌሊት፤ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት እየዘለሉ ይቀቡ። ከዚያ በኋላ ፊትዎ ሳይቀላና ሳይላጥ ከቆየ በየሌሊቱ መሞከር ይቻላል። ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሻግርዎ የቆዳው ሁኔታ እንጂ የቀን መቁጠሪያው አይደለም፤ በአንዱ ደረጃ አንድ ወር ቢቆዩም ምንም አልጎደለብዎትም። ቆዳ ሬቲኖልን እስኪለምድ ድረስ ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ያን ጊዜ በኃይል ማሳጠር አይቻልም። እንቅልፍ ወስዶዎት ሳይቀቡ ቢያድሩ በማግሥቱ እጥፍ አይቀቡ።

9. የቆዳውን ምላሽ ለይተው ያንብቡ። መግቢያው ላይ የጠቀስኩት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ብርሃን ፊትዎን ፎቶ ያንሡ፤ የቀቡበትንም ሌሊት ይመዝግቡ። መስተዋት የየዕለቱን ስሜታችንን ተከትሎ ያታልላል፤ ፎቶው ግን የአራተኛውን ሳምንት ከመጀመሪያው ጋር ያስተያያል።

ሀ. ጊዜያዊ መውጣት። ከቆዳ ሥር አስቀድመው የነበሩ ድፍኖች በፍጥነት ወደ ላይ ሲመጡ ብጉር የጨመረ ይመስላል። መለያው፣ የሚወጣው ድሮም ብጉር በሚያወጣው ሥፍራ ላይ ነው፤ በአብዛኛው ደቃቅ ነው፤ ከወትሮው ቶሎ ይለቃል፤ የሚጀምረውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆኖ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ከሆነ ድግግሞሹን ሳይጨምሩ ይቀጥሉ። ሁሉም ሰው ላይ እንደማይደርስም ይወቁ፤ አለመውጣቱ ምርቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ለ. መቆጣት። ፊት ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ይወጠራል፣ በአፍና በአፍንጫ ዙሪያ ይላጣል፤ ድሮ ምንም የማያደርግዎ ማለስለሻ ሲነካው ያቃጥላል። ይህ የመጨረሻው ምልክት መከላከያ ሽፋኑ መጎዳቱን የሚናገር ነው። ሬቲኖሉን ያቁሙ፤ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ብቻ እየተጠቀሙ ማቃጠሉ ፈጽሞ እስኪጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ ይጠብቁ፤ ከዚያም ከነበሩበት አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይጀምሩ። ቀላል መፈርፈር ብቻ ከሆነ ማቆም አያስፈልግም፣ አንድ ሌሊት መዝለል ይበቃል። የተላጠውን ቆዳ በስክራብ አይሹት፤ በማለስለሻ አርጥበው ይተዉት።

ሐ. ምርቱ ራሱ ሲያስወጣ። ድሮ ብጉር ወጥቶበት በማያውቅ ሥፍራ፣ ለምሳሌ በጉንጭ ዳር ወይም በግንባር ጸጉር መስመር ላይ፣ አዲስ ጉብታ ከመጣና ከስምንተኛው ሳምንት በኋላም ካልቀነሰ ነገሩ ጊዜያዊ መውጣት አይደለም። የክሬሙ ቅባት ቀዳዳ እየደፈነ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ የጀመሩት ማለስለሻ ወይም ወደ ግንባር የሚወርድ የጸጉር ቅባት ካለም ይመርምሩት።

መ. አለርጂ። የዓይን ቆብ ወይም የከንፈር እብጠት፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ፣ ማቆሚያ የሌለው ማሳከክ ሲታይ በዚያው ሰዓት ታጥበው ያቁሙ፣ ሐኪምም ያማክሩ፤ ለመተንፈስ ካስቸገረ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋል።

10. ፍርዱን በ12ኛው ሳምንት ይስጡ። ከዚያ በፊት ምርቱን መለወጥ ወይም መቶኛውን መጨመር ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ያሳጣል። የመጀመሪያውንና የአሥራ ሁለተኛውን ሳምንት ፎቶዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይመልከቱ። አዲስ የሚወጣው ብጉር ቁጥር ከቀነሰና ጥቁር ነጥቦቹ ከሳሱ በያዙት ይቀጥሉ፤ መቶኛው መጨመር ያለበት ቆዳው ምንም ሳይቆጣ መሻሻሉ ሲቆም ብቻ ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ሬቲኖሉን ከማብዛት ይልቅ ከላይ ወደ ጠቀስናቸው መድኃኒቶች መሻገር ያዋጣል። ጠባሳና የቆየ ጥቁር ምልክት በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልጠፉ አይደነቁ፤ ምልክቱ ወራት ይፈልጋል፣ የጎደጎደ ጠባሳ ደግሞ በሬቲኖል አይሞላም።

11. ከጠራ በኋላ ለመከላከል ይቀጥሉበት። ሬቲኖል ሲቋረጥ ቀዳዳዎቹ ወደ ቀደመ ጠባያቸው ይመለሳሉ፤ ብጉሩም ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ለመከላከያ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ለብዙ ሰው ይበቃል። በሕመም ወይም በጉዞ ምክንያት ከሁለት ሳምንት በላይ ካቋረጡ በሳምንት ሁለት ሌሊት እንደገና ይጀምሩ እንጂ ካቆሙበት አይቀጥሉ።

ከሌሎች ምርቶች ጋር ማጣመር

ቀይና መግል የቋጠረ ብጉር ካለ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን ስለሚገድል ከሬቲኖል ጋር ጥሩ አጋር ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ላይ አይቀቡ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ሬቲኖልን ሊያበላሽበት ይችላል፣ ሁለቱም ደግሞ ያደርቃሉ። 2.5 በመቶውን ጠዋት፣ ሬቲኖሉን ማታ ያድርጉ፤ የሚጀምሩትም ሬቲኖሉን ከለመዱ በኋላ ይሁን። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ፎጣና የትራስ ልብስ ስለሚያነጣ ነጭ ጨርቅ ይጠቀሙ። አዳፓሊን በዚህ ረገድ ይለያል፤ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ስለማይበላሽ ሁለቱ በአንድ ቱቦ ተዘጋጅተውም ይገኛሉ።

ሳሊሲሊክም ሆነ ግላይኮሊክ አሲድ ከሁለት ወር በፊት አይመለሱ፤ ሲመለሱም ሬቲኖል በማይቀባበት ሌሊት፣ በሳምንት አንዴ ይጀመሩ። ኒያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ግን ከሬቲኖል ጋር ይስማማል።

የተለመዱ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት 1 በመቶውን ገዝቶ በየሌሊቱ መጀመር ነው። ሁለተኛው በየሦስት ሳምንቱ ምርት መቀየር ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ሁልጊዜ በጊዜያዊው መውጣት ውስጥ ይኖራል፣ ውጤቱን ግን አንድም ቀን አያየውም።

ሦስተኛው የወጣውን ብጉር ማፍረጥ ነው። ሬቲኖል የሚቀባ ቆዳ ላይኛው ሽፋኑ ለጊዜው ስስ ስለሚሆን በጥፍር ቶሎ ይቆስላል፤ ቁስሉም ከብጉሩ የባሰ ምልክት ይተዋል። ከዚህ ጋር የሚሄደው በሰም የፊት ጸጉር ማስነቀል ነው፤ ሰሙ ከጸጉሩ ጋር የቆዳውን ሽፋን ገሽልጦ ሊያነሣ ስለሚችል ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ሬቲኖሉን ያቁሙ። ጢም የሚላጭ ሰው ደግሞ በተላጨበት ምሽት አይቀባ።

ዕቃውን መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ማስቀመጥም ስህተት ነው። ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል፤ ቀለሙ ወደ ጠቆረ ቢጫ ወይም ቡናማ ከተለወጠ ወይም ሽታው ከተቀየረ ይጣል።

ሐኪም ጋ መሄድ የሚገባበት ጊዜ

ብጉሩ ጥልቅ፣ ጠንካራና የሚያም እባጭ ከሆነ፣ ጠባሳ እየተወ ከሆነ፣ ወይም ጀርባና ደረትን ከያዘ በሬቲኖል ሦስት ወር አያባክኑ፤ በቆየ ቁጥር ጠባሳው ይበዛል። በሴት ላይ ብጉሩ ከወር አበባ መዛባት ወይም በፊት ላይ ከሚበቅል ወፍራም ጸጉር ጋር ከመጣ የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋል። ሲሄዱ በፊትዎ ላይ የሚያውሉትን ምርት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የመዘገቡባቸውን ቀናትና ሳምንታዊ ፎቶዎቹን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ስለ እነርሱ ነው።